በባለሙያነት ወደ ካናዳ ለማመልከት ከየት ልጀምር?

ግንበኛው (ጥያቄውን ያቀረበ)

ሰላም ለሁላችሁም። የ29 ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በባችለር ዲግሪ ተመርቄ በአንድ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው፣ ባለሙያዎች በነጥብ ተወዳድረው ለቋሚ ነዋሪነት በሚጋበዙበት መንገድ ወደ ካናዳ ለማመልከት ወስኛለሁ፤ ሆኖም የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ የተለያየ መነሻ ይነግሩኛል። አንዱ «ዛሬውኑ ፕሮፋይል ክፈት» ይለኛል፣ ሌላው «አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሳትፈተን ምንም አትንካ» ይለኛል። በዚህ መካከል አንድ ወኪል «የፋይል ማስከፈቻ» የሚለውን ገንዘብ ከከፈልሁት የቅጥር ደብዳቤ ጭምር እንደሚያፈላልግልኝ ቃል ገብቶልኛል። ቶሮንቶ የሚኖር የአጎቴ ልጅም አለ፤ እርሱ መኖሩ ነጥብ እንደሚያስጨምርልኝ ሰምቻለሁ። በእጄ ያለው ጊዜያዊ ዲግሪ፣ የራሴ ትራንስክሪፕት ቅጂና ፓስፖርት ብቻ ነው። በሂደቱ ያለፋችሁ ሰዎች የመጀመሪያው እርምጃ የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ሰሜን ንፋስ (ኦታዋ)

ወንድሜ፣ ከፕሮፋይሉም ከወኪሉም በፊት ነጥብህን ራስህ ተቀምጠህ ቁጠር። ሰው የሚያምታታቸው ሁለት የተለያዩ ነጥቦች አሉ። የመጀመሪያው የፌዴራል ባለሙያ ሠራተኛ መርሐ ግብር መግቢያ ሲሆን ከ100 ቢያንስ 67 ማግኘት ግዴታ ነው። ሁለተኛው ይህን ያለፉት ሰዎች እርስ በርስ የሚወዳደሩበት ከ1,200 የሚታሰብ የደረጃ ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ስለ ሁለተኛው ብቻ ያወራና በመጀመሪያው ወድቆ ይቀራል።

ያንተን እንቁጠረው። ለዕድሜህ 12፣ ለባችለር ዲግሪህ 21፣ ለአምስት ዓመት ልምድህ 13 ታገኛለህ፤ ድምሩ 46 ነው። የቀረው ቋንቋ ነው። በአይኤልትስ በአራቱም ክፍል 6.0 ካመጣህ ዝቅተኛውን የቋንቋ መስፈርት አሟልተሃል፤ የምታገኘው ግን 16 ነጥብ ነው፤ ድምርህ 62 ይሆንና ማመልከት አትችልም። በማዳመጥ 7.5፣ በሌሎቹ 6.5 ብታመጣ 20 ይሰጥህና 66 ላይ ትቆማለህ፤ በአንድ ነጥብ ወደቅህ ማለት ነው። በማዳመጥ 8.0፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር 7.0 ስታመጣ ግን 24 ነጥብ ይገኝና 70 ትገባለህ። ስለዚህ «ስድስት ይበቃል» የሚል ሰው ሲያጋጥምህ ስንት ዓመት ልምድና ምን ዓይነት ዲግሪ እንዳለው ጠይቀው።

በሁለተኛውም ስሌት ቋንቋው ይከብዳል። ያላገባህ፣ የ29 ዓመት ሰው፣ ባለ አንድ ዲግሪ፣ ከሦስት ዓመት በላይ የውጭ አገር ልምድ ያለህ ነህ ብለን ስንነሣ በ6.0 ውጤት 336 ነጥብ ይወጣልሃል። ከላይ በጠቀስሁት ከፍተኛ ውጤት ግን 429 ይሆናል። በአንድ ፈተና ብቻ የ93 ነጥብ ልዩነት መጣ። ምክንያቱም ቋንቋው ለብቻው ነጥብ ከማስገኘቱ በላይ የዲግሪህንና የሥራ ልምድህን ዋጋ አብሮ ያነሣዋል።

የምትፈተነው ጄነራል ትሬኒንግ የሚባለውን ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚሆነው አካዳሚክ ለዚህ አያገለግልም። ውጤቱ የሚጸናው ለሁለት ዓመት ነው።

የማኅደር ሰው (አዲስ አበባ)

ከላይ የተሰጠው ስሌት ትክክል ነው። እኔ ሰነድ በሚዘጋጅበት ቢሮ ስለምሠራ የወረቀቱን ጉዳይ ልጨምር፤ ምክንያቱም ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፉ ሰዎች የሚዘገዩት እዚህ ላይ ነው።

ዲግሪዎ በካናዳ ከየትኛው የትምህርት ደረጃ ጋር እንደሚመጣጠን በታወቀ ድርጅት መገምገም አለበት። አብዛኛው የአገራችን ሰው የሚጠቀመው ዌስ የሚባለውን ነው። የግምገማው ውጤት ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ገምጋሚው ድርጅት በእጅዎ ያለውን የትራንስክሪፕት ቅጂ አይቀበልም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ መላክ ይኖርበታል። ሬጅስትራር ሄደው ይህን ሲጠይቁ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳዎን ስለ መክፈልዎ ማስረጃ ይጠየቃሉ። ጊዜያዊ ዲግሪ ብቻ በእጅዎ መኖሩ ዕዳው ገና እንዳልተዘጋ ይጠቁመኛል። ድርጅትዎ ከደመወዝዎ እየቆረጠ ለገቢዎች ሲያስገባ ከነበረ ደብዳቤውን ከሰው ኃይል አስተዳደር ይውሰዱ፤ ካልሆነ ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍለው ዋናውን ዲግሪ ያውጡ። የእርስዎ የመጀመሪያ ጉዞ ወደ ሬጅስትራር ቢሆን ይሻላል፤ ፈተና ለመዘጋጀት በሚያጠኑበት ጊዜ ወረቀቱ በራሱ መንገድ እየሄደ ይቆያል።

ሌላው የስም ጉዳይ ነው። በአማርኛ አንድ የሆነው ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ፊደል ጨምሮ ይጽፈዋል። ዲግሪው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይና የፈተናው ምዝገባ ላይ ያለው አጻጻፍ ከወዲሁ ጎን ለጎን ይታይ። መነሻው ፓስፖርቱ ነው፤ አይኤልትስ ሲመዘገቡም፣ ዌስ ላይ አካውንት ሲከፍቱም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የአያት ስምን ጨምሮ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይጻፉ። ዲግሪው ከፓስፖርቱ የሚለይ ከሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ውልና ማስረጃ ቀርበው ያዘጋጁ።

ግንበኛው

በጣም አመሰግናለሁ። የወጪ መጋራቱ ነገር በትክክል እንዳሉት ነው፤ አልተዘጋም። በስም በኩል ዲግሪዬና ፓስፖርቴ በአንድ ፊደል ይለያያሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤን በተመለከተ ድርጅቴ ከዚህ በፊት ለባንክ ብድር ስጠይቅ የሰጠኝ አለ፤ እርሱን ማስተርጎም ይበቃል?

የካልጋሪዋ ነርስ

አይበቃም፤ ደብዳቤውን ሳላየው ይዘቱን ልነግርህ እችላለሁ። «አቶ እገሌ ከመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሳይት መሐንዲስነት የሥራ መደብ ላይ የወር ደመወዝ ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው በማገልገል ላይ ይገኛሉ። ከደመወዛቸውም ላይ የሥራ ግብር ተቀናሽ ሆኖ ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል። ይህ ማስረጃ በጠየቁት መሠረት ተሰጥቷቸዋል።» ከዚያ ክብ ማኅተም። ለአገር ውስጥ ጉዳይ በቂ ነው፤ ካናዳ የምትፈልገው ግን በውስጡ የለም።

የካናዳ ኢሚግሬሽን የሚጠይቀው ደብዳቤ የድርጅቱ ስምና አድራሻ በታተመበት ወረቀት ላይ ሆኖ የሥራ መደብህን፣ የተቀጠርህበትን ቀን፣ በሳምንት የምትሠራውን ሰዓት፣ ደመወዝህንና ጥቅማ ጥቅምህን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋና ዋና ተግባሮችህን የሚዘረዝር፣ በአለቃህ ወይም በሰው ኃይል ኃላፊው ስምና ፊርማ የተረጋገጠ ነው። ሰዓቱን መጥቀስ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ የልምድ ዓመት የሚባለው 1,560 ሰዓት፣ በሳምንት ሲካፈል 30 ሰዓት ስለሆነ ያለ እርሱ ልምድህ አይቆጠርም።

ተግባሮቹ የሚመዘኑት ኖክ በሚባለው የካናዳ የሙያ ምደባ ነው። የመደቡ ስም አይደለም የሚታየው፤ የምትሠራው ሥራ ነው። ሲቪል መሐንዲስ በኮድ 21300 ሥር ይገኛል፤ የሲቪል ምሕንድስና ቴክኒሻን 22300 ነው፤ የግንባታ ሥራ አስኪያጅ 70010 ነው። በእኛ አገር «ሳይት መሐንዲስ» የተባለ ሰው አንዳንዱ ዲዛይን ይከልሳል፣ የአፈር ምርመራ ውጤት ይተነትናል፣ የክፍያ ሰነድ ያዘጋጃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሠራተኛ ሰዓትና የሲሚንቶ ከረጢት ይቆጣጠራል። ሁለቱ አንድ ኮድ አይደሉም። የኮዱን መግለጫ አንብበህ በእውነት የምትሠራውን ለኃላፊህ በራስህ አባባል ጽፈህ ስጠው። መግለጫውን ቃል በቃል የገለበጠ ደብዳቤ ጥርጣሬ ይጋብዛል።

ቀኑም ይታሰብበት። ከላይ የጠቀስሁት መስከረም 1 ቀን 2011 በፈረንጅ አቆጣጠር 11 ሴፕቴምበር 2018 ነው። ዓመቱን ሳይለውጥ «2011» ብሎ የሚተረጉም ሰው አጋጥሞኛል፤ በዚያ ትርጉም መሠረት አመልካቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሳይጨርስ መሐንዲስ ሆኖ ተቀጥሯል። ድርጅቱ ከጅምሩ በእንግሊዝኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ቢጽፍልህ ይህ ሁሉ ይቀራል።

ተጠራጣሪው

ሁላችሁም የምትሉት ትክክል ሆኖ ሳለ ዋናው ጥያቄ ግን ተዘሏል። ይህ ሰው ሁሉን አሟልቶ 429 ነጥብ ይዞ ገባ እንበል። ካናዳ ውስጥ ለሠሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡት ዙሮች (አመልካቾች በነጥባቸው ተመርጠው የሚጋበዙባቸው) ከ500 በላይ ነጥብ ሲጠይቁ ከርመዋል። መንግሥቱም በ2024 መጨረሻ የሚቀበለውን የቋሚ ነዋሪ ቁጥር ቀንሶ ለ2025 ወደ 395,000 አውርዶታል። ታዲያ ለፈተናው፣ ለግምገማው፣ ለትርጉሙ ያን ሁሉ ዶላር ማውጣት ምን ጥቅም አለው? ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ መተመን ከጀመረ በኋላ አንድ የፈተና ክፍያ የስንት ሰው የወር ደመወዝ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ተስፋ ከማስያዝ በፊት ይህን መናገር ይገባል ባይ ነኝ።

ሰሜን ንፋስ

ወንድም ተጠራጣሪው ያነሣው ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ እኔም ብሆን 429 ይዞ ዝም ብሎ መጠበቅን አልመክርም። ነገር ግን ከ2023 ጀምሮ ዙሮቹ በዘርፍ ተከፋፍለዋል። በጤና፣ በትምህርትና በእጅ ሙያ ለሠለጠኑ ሰዎች ለብቻ ዙር ይወጣል፤ በጣም ዝቅ ባለ ነጥብ የሚወጣው ግን የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዙር ነው። በማርች 2025 አንዱ ዙር እስከ 379 ወርዶ ነበር፤ ሌሎቹም አብዛኛውን ጊዜ በ400ዎቹ ውስጥ ናቸው።

ግንበኛው ፈረንሳይኛን በአራቱም ክፍል በካናዳ የቋንቋ መለኪያ በሰባተኛው ደረጃ ቢያልፍ 50 ተጨማሪ ነጥብና ለሁለተኛ ቋንቋ 12 ነጥብ ያገኛል። 429 የነበረው 491 ሆነ፤ ለብቻው በሚወጣው ዙርም ይሳተፋል። ፈረንሳይኛን ከዜሮ ጀምሮ እዚያ ደረጃ ማድረስ በአንድ ክረምት የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ለሚማር ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ግን አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የመሰለ የቆየ ማስተማሪያ አለ፤ የመሐንዲስ ደመወዝ የሚችለው ነው። አገራችን ያሉ አመልካቾች ይህን መንገድ ለምን እንደሚዘሉት ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሁለተኛው መንገድ የክፍለ ሀገር እጩነት ነው። አንድ ክፍለ ሀገር ከመረጠህ 600 ነጥብ ይጨመርልህና ግብዣው የተረጋገጠ ያህል ይሆናል። ዕድሜንም አትርሳ፤ 30 ዓመት ስትሞላ አምስት ነጥብ ይቀነስብሃል፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ዶሃ ያለሁ

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚያመለክቱ ወይም ቀደም ሲል እዚህ ሠርተው ለተመለሱ ሰዎች አንድ ነገር ልበል። ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖራችሁበት ከእያንዳንዱ አገር ከወንጀል ነጻ መሆናችሁን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ፤ አገሩን ለቃችሁ ከሆነ ማስረጃው ከዚያ ከወጣችሁ በኋላ የተሰጠ መሆን አለበት። አገር ቤት ገብቶ የድሮ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ቅጂ የሌለው ሰው ይህን ማስረጃ ለማግኘት ያለበትን መከራ አይቻለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የፓስፖርቱን የቪዛ ገጾችና የመውጫ ማኅተም ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሰንጠረዥ መሠረት ለአንድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር፣ ለሁለት ሰው 19,001 የካናዳ ዶላር በስም መኖሩ ይታያል፤ መጠኑ በየዓመቱ ይሻሻላል። ባንኩ የሚጽፈው ደብዳቤ ሒሳቡ የተከፈተበትን ቀን፣ የአሁኑን ተቀማጭና የስድስት ወር አማካዩን ይገልጻል። ለአንድ ሳምንት ከዘመድ ተበድሮ ማስገባት በዚህ አማካይ ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ የተበደሩት ገንዘብም ተቀባይነት የለውም። ቤተሰብ በስጦታ የሚሰጥ ከሆነ የስጦታ ደብዳቤ ይኑር። ቤትና መሬት አይቆጠርም፤ አባትህ ሰሚት ላይ ያላቸው ቦታ ምንም ያህል ቢያወጣ።

የካልጋሪዋ ነርስ

ስለ ወኪሉ እስካሁን የመለሰ ስለሌለ ልመልስ። ፕሮፋይል መክፈት ክፍያ የለውም። ዋናው የመንግሥት ክፍያ የሚመጣው ግብዣ ከደረሰህ በኋላ ማመልከቻህን ስታስገባ ነው፤ ግብዣው ከደረሰህ ዕለት ጀምሮ ደግሞ 60 ቀን ብቻ አለህ። «የፋይል ማስከፈቻ» የሚባለው ክፍያ የወኪሉ የራሱ ነው።

በክፍያ አመልካችን ለመወከል የሚፈቀድለት የካናዳ ጠበቃ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽንና የዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ አማካሪ ነው፤ ለኩቤክ ኖተሪዎችም ፈቃድ አለ። የኮሌጁ መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ የወኪሉን ስምና የምዝገባ ቁጥር ጠይቀህ ራስህ ፈልገው። ቁጥሩን ለመስጠት ካመነታ መልሱን አግኝተሃል። የቅጥር ደብዳቤ ተስፋውም ቢሆን ጊዜ ያለፈበት ነው፤ ከማርች 25 ቀን 2025 ጀምሮ የቅጥር ደብዳቤ በደረጃው ስሌት ነጥብ አያስገኝም። ሐሰተኛ ደብዳቤ ከተገኘ ደግሞ ለአምስት ዓመት ማመልከት ትከለከላለህ፤ ቅጣቱ የሚያርፈው በወኪሉ ላይ ሳይሆን በአንተ ስም ላይ ነው።

የአጎትህን ልጅ በተመለከተ ነጥብ አይሰጥም። በ67ቱ ስሌት አምስት ነጥብ የሚያስገኙት የቋሚ ነዋሪነት ወይም የዜግነት መብት ያላቸው ወላጅ፣ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት፣ እንዲሁም የወንድምና የእህት ልጅ ናቸው። በደረጃው ስሌት የሚቆጠሩት ወንድምና እህት ብቻ ሲሆኑ 15 ነጥብ ያስገኛሉ። እኛ የአጎት ልጅን «ወንድሜ» ማለት ልማዳችን ነው፤ ቅጹ ላይ ግን እንደዚያ ብሎ መሙላት ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ነው። አጎትህ ራሳቸው እዚያ ካሉ ነገሩ ይለወጣል፤ አምስቱን ነጥብ ያስገኙልሃል።

ግንበኛው

አጎቴ እዚህ ናቸው፤ ስለዚህ እርሱን ትቼዋለሁ። ወኪሉንም ቁጥሩን ጠይቄው «ይህ የቢሮ ምስጢር ነው» ብሎኛል። የመጨረሻ ጥያቄ ላንሣ። ሽማግሌ ልኬ ቀለበት አስረናል፤ ሠርጉ ገና ነው። እጮኛዬን አሁን ላስመዝግባት ወይስ ያላገባሁ ሆኜ አመልክቼ በኋላ ልውሰዳት? ብዙ ሰው የሁለተኛውን ይመክረኛል፤ ነጥቡ ከፍ ይላል በሚል ነው።

ሰሜን ንፋስ

እጮኛ በካናዳ ሕግ የትዳር ጓደኛ አይደለችም፤ ስለዚህ ዛሬ ፕሮፋይል ብትከፍት ያላገባህ ብለህ መሙላትህ እውነት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ቋሚ ነዋሪ ሆነህ ካናዳ ከመግባትህ በፊት ካገባህ፣ በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካህ፣ ለኢሚግሬሽኑ ማሳወቅ ግዴታህ ነው። ሳታሳውቅ ከገባህ ባለቤትህን በኋላ በቤተሰብ አባልነት እንዳታመጣት ሕጉ ይከለክላል። ከአንተ ጋር የማትሄድ ብትሆንም እንኳ በቅጹ ላይ መጻፏና የሕክምና ምርመራ ማድረጓ አይቀርም፤ የገንዘቡም መጠን ለሁለት ሰው ይሆናል።

ሳትጋቡ አብራችሁ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ሳይቋረጥ 12 ወር ከሞላ ሕጉ እንደ ባልና ሚስት ያያችኋል። ቀለበት ከታሰረ በኋላ ቤት ተከራይተው አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ይህን ባለማወቅ «ያላገባ» ብለው ሲሞሉ አያለሁ። አብራችሁ ካልሆናችሁ ግን ሌላ ስሌት አለ፤ እጮኛህ ዲግሪ ካላትና እንግሊዝኛዋ ከአንተ የተሻለ ከሆነ ተጋብታችሁ ዋና አመልካች እርሷ ብትሆን ነጥቡ ሊበልጥ ይችላል። የእርሷንም ዕድሜ፣ ትምህርትና ልምድ ጻፍልንና ሁለቱን ጎን ለጎን እንቁጠራቸው።

ግንበኛው

እርሷ ፋርማሲስት ናት፤ 27 ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን ዘንድሮ ትጨርሳለች፤ አብረን አንኖርም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆና «ታዲያ አንተ ነህ የምትከተለኝ» ትላለች። የሥራ ልምዷን ትክክለኛ ቀን ነገ ከደብዳቤዋ ላይ አይቼ እጽፍላችኋለሁ።

የማኅደር ሰው

ፋርማሲስት ከሆነች የትምህርት ግምገማዋ በዌስ በኩል አይደለም፤ በሙያው ላይ ፈቃድ የሚያስፈልጋት ከሆነ የሚገመግማት የካናዳ የፋርማሲ ፈታኝ ቦርድ ነው። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን እዩ። የእርሷም የወጪ መጋራት ዕዳ መዘጋቱን አብራችሁ ብትጠይቁ ወደ ሬጅስትራር የምትሄዱት አንድ ጊዜ ይሆናል።